ለዓይን የሚቀርብ ሙዚቃ፦ እዚህና አገር ቤት

እኔ በምኖርባት አሜሪካ፣ በትልልቅ የሙዚቃ ዝግጅቶች መድረክ አጠገብ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቆሞ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ይህን ያመጣው የአዘጋጆች ደግነት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ስለሚያስገድዳቸው ነው። ትኬት የቆረጠ መስማት የተሳነው ሰው አስተርጓሚ እንዲመደብለት አስቀድሞ ይጠይቃል፤ መጠየቁም እንደ ልመና አይቆጠርበትም።

ጥሩ አስተርጓሚ ግጥሙን ብቻ አይከተልም። የምቱን አካሄድ በትከሻው፣ የዜማውን መውጣትና መውረድ በእጁና በፊቱ ያሳያል፤ ዘፋኙ አርፎ መሣሪያው ብቻ በሚጫወትበት ጊዜም እጁን አጣጥፎ አይቆምም። ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ ንዝረቱ በወለልና በደረት በኩል ስለሚደርስ፣ ታዳሚው ምቱን በገዛ አካሉ ያገኘዋል። በልጅነቷ የመስማት ኃይሏን ያጣችው ዕውቋ ስኮትላንዳዊት የምት መሣሪያዎች ተጫዋች ኢቭሊን ግሌኒ ጫማዋን አውልቃ የምትጫወተው ለዚህ ነው።

እዚህም ቢሆን ጉድለት አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሱፐር ቦውል በተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ የፍጻሜ ግጥሚያ መክፈቻ ላይ፣ ድምፅን በሥዕልና በኖታ ምልክቶች በመግለጽ የምትታወቀው መስማት የተሳናት አርቲስት ክርስቲን ሰን ኪም ብሔራዊ መዝሙሩን በምልክት ቋንቋ አቀረበች። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ግን ከጥቂት ሰከንዶች በላይ ስላላሳያት ቅሬታዋን በጋዜጣ ጻፈች። በምልክት ቋንቋ የሚዘፍንን ሰው ከካሜራ ማውጣት የዘፋኝን ማይክሮፎን ከመዝጋት አይለይም።

አገር ቤት ያለው ክፍተት ሌላ ዓይነት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በ30ኛው አንቀጹ በባህላዊ ሕይወት የመሳተፍን መብት ያውቃል፤ ለምልክት ቋንቋና ለመስማት የተሳናቸው ባህልም ዕውቅና እንዲሰጥ ይጠይቃል። ቋንቋችንም ባዶ እጁን አይደለም። የጣት ፊደላችን ለየተነባቢው የእጅ ቅርጽ ሰጥቶ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ድምፆች በእንቅስቃሴ ይለያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ሆኖም አስተርጓሚን የለመድነው በዜና ስክሪን ጥግ እንጂ በሙዚቃ መድረክ አይደለም፤ መስማት የተሳነው ወገናችን ዜና እንደሚያስፈልገው ስንቀበል፣ መዝናናት እንደሚያምረው ግን የዘነጋን ይመስላል።

ድምፅን ወደ ንዝረት ለውጦ በአካል ላይ የሚያሰማ ውድ ሰደርያ ከውጭ ማስመጣት የመጀመሪያው ሥራ መሆን የለበትም። ሰምና ወርቅ ያለበትን ዘፈን በዕለቱ እየሰሙ ማስተርጎም ስለማይሆን፣ ግጥሙ አስቀድሞ ለአስተርጓሚው ይሰጥ፤ ትርጉሙንም መስማት የተሳናቸው ባለሙያዎች ያቃኑት፣ ከተቻለም መድረክ ላይ ወጥተው ራሳቸው ያቅርቡት። ቪዲዮ ክሊፕ የሚሠራም በምስሉ ላይ የሚታዩበትን ቦታ ከቀረጻው በፊት ያዘጋጅ፤ ክፍያቸውም ከመብራትና ከድምፅ ማጉያ ጋር በአንድ በጀት ይያዝ።