«ምን ነካሽ?» የሚለው ጥያቄ ይቅር

ልጅ እግሩ ተቆልምሞ ሲወለድ በእኛ በሰሜን ሸዋ መጀመሪያ የምትጠየቀው እናቱ ናት። አራስ ጠያቂው ገንፎውን ሳይቀምስ «እርጉዝ ሳለሽ ምን ነካሽ?» ይላል። አንዱ እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው እንጨት ተሸክማ ነው ይላል። ይህ ጥያቄ እናቲቱን ያሳቅቃል፣ ልጁንም ያስደብቃል። እንዲቀር እፈልጋለሁ።

ቆልማማ እግር ከ1,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ላይ ይታያል። በወንዶች ላይ በእጥፍ ይበዛል። በአብዛኞቹ ላይ ምክንያቱ ይህ ነው ተብሎ የሚጠቆም ነገር የለም። ዘር ግን ድርሻ አለው፤ በቤተሰቡ ቀድሞ የታየ ከሆነ ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህም ከአባት ወገን ሊመጣ ይችላል። አባትን ግን ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም። በእርግዝና ጊዜ ሲጋራ ማጨስም አጋላጭ ነው፤ የእንሽርት ውሃ ማነስም ከዚሁ ጋር ይነሳል። አንዳንዱ ልጅ የጀርባ አጥንት ክፍተትም አብሮት ስለሚኖር ሐኪሙ ጀርባውንም ይየው። ያንን ክፍተት ለመከላከል ከማርገዝ በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ መውሰድ ይረዳል። እንጨት መሸከም ቆልማማ እግር እንደሚያመጣ ግን ማስረጃ የለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሚባክነው ጊዜ ነው። ሕክምናው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጀመር ጥሩ ነው። ብዙ ቤት ግን ወንዱ 40፣ ሴቷ 80 ቀን ሞልቷቸው ክርስትና ሳይነሱ ከደጅ አይወጡም። ክርስትናው በወጉ ይሁን፣ ሕክምናው ግን አይጠብቀው። ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸትም ቀን መግደል ነው።

ፖንሴቲ በተባለው ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ በእጅ ቀስ ተብሎ እየተቃና ጀሶ ይታሰራል። ጥቂት ሳምንታት ይበቁታል። ለአብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ጥገና ይላላል። አዲስ አበባ ያለው ኪዩር ሆስፒታል በዚህ ሥራ ይታወቃል። ከመንዝ ወይም ከመራቤቴ በየሳምንቱ መመላለስ ቀላል አይደለም፤ የባል ዘመዶች ጥያቄውን ትተው የመኪና ቢሰጧት ትልቅ ነገር ነው።

ፈተናው ከጀሶ በኋላም አለ። ልጁ በዘንግ የተያያዘ ልዩ ጫማ ለ3 ወር ያህል በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ሲተኛ ያደርጋል። ጫማው ከተተወ እግሩ ተመልሶ ሊጣመም ይችላል። ጎረቤት ደግሞ የተቃናውን እግር አይቶ «ዳነ እኮ፣ ምን ታሰቃዪዋለሽ?» ይላታል። እባካችሁ፣ ጫማውን አውልቂለት አትበሏት።