ኢንሹራንስ ያልሸፈነው ጭንቀት

ቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ኢንሹራንስ ያልገባንለት ነገር የለም። ለመኪናው አለን፣ ለቤቱ አለን፣ ለጤና፣ ለጥርስ፣ ለሞታችንም አለን። ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ እንኳ እስከ 250 ሺህ ዶላር ድረስ ዋስትና አለው። በር ላይ ካሜራ ተተክሏል። እንዲህ የተጠበቀ ሰው ለጥ ብሎ መተኛት ነበረበት። እኔ የማውቃቸው ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተው ስልካቸውን የሚነካኩ ናቸው። ብድር ለማግኘት የሚታየው የክሬዲት ነጥባቸው ወርዶ ይሆን? ከሥራ ኢሜይል መጥቶ ይሆን?

ጭንቀቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የብዙ ሰው የጤና ኢንሹራንስ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። ሥራው ሲሄድ ሕክምናውም ተከትሎት ይሄዳል፤ የቤቱ ዕዳ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ እንይዛለን። ቀጥሎ ሁለተኛውም እንዳይሄድ እንሰጋለን።

ሰሞኑን አዲስ አበባ ነኝ። ወሩ በገባ በ23፣ ገና ሳይነጋ፣ ፒያሳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ቅጥሩ በነጠላ ነጭ ሆኗል። ከኔ ፊት አንድ ጎልማሳ ነበር፤ ሱፍ ለብሷል፣ የላፕቶፕ ቦርሳ አንግቷል። ግንባሩን ከግንቡ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከዚያ ግንቡን ሳመ፣ አማተበ፣ ፊቱ ፈታ ብሎ ወደ ታክሲው ሮጠ። ጣጣውን እዚያ አራግፎ የሄደ ነው የሚመስለው።

ያ ሕንፃ ራሱ ብዙ ያውቃል። የአድዋ ድል መታሰቢያ ነው። በ1929 ጣሊያን እሳት ለቆበታል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ የደፉት እዚያ ነው። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ተሰደዱ፤ ተመልሰው ከነገሡም በኋላ በ1967 ከዙፋን ወረዱ። በዚህች ከተማ ዘውድም ዋስትና ሆኖ አያውቅም።

ከቅዳሴ በኋላ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ጠጣሁ። ቡናውን የሚያፈሉት እናት ዶሮ ማነቂያ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ሰፈሩ በ2016 ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄዱ። አሁን ሁለት ታክሲ ይዘው ነው ፒያሳ የሚደርሱት። በዚያው ዓመት ሐምሌ የዶላር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የማይጨምር ነገር የለም፤ ስኳሩም፣ ዘይቱም፣ ቡናው ራሱም።

"እማማ፣ አይከብድዎትም?" አልኳቸው።

"ይከብዳል እንጂ ልጄ! ቤቴ ሲፈርስ ቆሜ አይቼ አልቅሻለሁ። ግን ድሮም ቢሆን ያሳደረኝ ቤቱ አልነበረም። ያሳደረኝ ዛሬም አለ።"

ይህን ብለው ሲኒውን አለቀለቁ። ወዲያው ብር ያጠረውን አንድ የታክሲ ረዳት "ጠጣ ባክህ፣ ነገ ትከፍላለህ" ብለው አሳሳቁት። እድራቸውም አልፈረሰም። አባላቱ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ሰው ሲሞት ግን ይደዋወላሉ፣ ድንኳን ይተከላል፣ እንደ ድሮው አብረው ያለቅሳሉ።

ይህን የምጽፈው ድህነትን ላሞካሽ አይደለም። ማጣት ማንንም አያስደስትም። የቤት ኪራይ እንቅልፍ የነሳው ሰው እዚህም ሞልቷል። እግዚአብሔርን ማመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው የሚለውን ሐሜትም አልቀበለውም፤ እኚህ እናት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ነው ከሰል የሚያቀጣጥሉት። በሚችሉት ይለፋሉ። የነገውን ግን ለባለቤቱ ትተውታል። እኛ ውጭ ያለነው ልፋቱንም የነገውንም በአንድ ትከሻ ተሸክመናል፤ ደስታችንን የበላው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መዝሙረ ዳዊት እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ ጠባቂ በከንቱ ይተጋል ሲል፣ ጠባቂው ሄዶ ይተኛ አላለም። ኢንሹራንሱን እንክፈል፣ በሩንም እንቆልፍ። ከቆለፍን በኋላ ግን የሚጠብቀን ሌላ መሆኑን አውቀን እንተኛ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እዚህ ሰው እምነቱን ብቻውን አይሸከምም። አንዱ ሲዝል ሌላው "እሱ ያውቃል፣ አይዞህ" ይለዋል፤ ነገ ደግሞ ተራው ይቀየራል። እኛ የመካኒክ ስልክ ቁጥር የምንፈልገው መኪናችን ሲበላሽ ነው፤ ልባችን ሲዝል ለማን እንደምንደውል አናውቅም።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሆኜ ለጓደኞቼ ደወልኩ። በኦቨርታይም ምክንያት የተቋረጠውን የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበራችንን እንቀጥለው አልኳቸው። አንዷ የሌሊት ፈረቃ አለብኝ አለች፤ ሌላው ቅዳሜም እንደሚሠራ ነገረኝ። ተነጋግረን ለ23 በሚቀርበው እሑድ ከሰዓት አደረግነው። ዳቦውን በየተራ እንጋግራለን። ከጸሎቱ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ በዚያ ወር እንቅልፍ የነሳውን ነገር ይናገራል፤ የተቀረነው እንጸልይለታለን፣ በእጃችን ያለውንም እናዋጣለን። የመጀመሪያው ተራ የኔ ነው፤ በርበሬና ሽሮ ከአሁኑ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል።