አራት ለሁለት

ባለፈው ታኅሣሥ ራባት ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ሲከፈት እኔ ሰፈራችን ካለችው ካፌ ጥግ ይዤ ነበር። ሞሮኮ ከኮሞሮስ። ማኪያቶዬ ገና አልቀዘቀዘም። ተጫዋቾቹ ተሰልፈው የኮሞሮስ መዝሙር ሲጀምር ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ጠረጴዛውን መታ አድርገው፣

“ይሄ ዋንጫ እኮ የኛ ነው!” አሉ።

ማንም አልመለሰም። የሚቀጥለውን ሁላችንም እናውቀዋለና።

“መስራች ነን እኮ!”

እናንተም ታውቁታላችሁ። ታክሲ ውስጥ ሰምታችሁታል። ፀጉር ቤት ሰምታችሁታል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ካርታው እየተበወዘ፣ ሟች ገና ሦስት ቀን ሳይሞላው ሰምታችሁታል።

ሰውዬው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆም አድርገው ቀጠሉ። “ይቺ ደግሞ ያኔ የት ነበረች?”

ልክ ናቸው። ኮሞሮስ ያኔ አልነበረችም። ነጻ የወጣችው በ1967 ዓ.ም. ነው። እኛ ዋንጫ ከበላን ከ13 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን አይሞላም። በማጣሪያው ቱኒዚያን ከኋላዋ አስከትላ፣ ምድቧን በአንደኝነት ጨርሳ ነው ራባት የገባችው። ግን ምን ዋጋ አለው? መስራች አይደለችማ! መስራች ያልሆነ አገር እንዲህ ተሰልፎ መዝሙር ማዘመሩ ራሱ ድፍረት ነው።

ዛሬ ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። ለእነዚህ ሰዎች የሚገባቸው ምስጋና እስካሁን አልተከፈላቸውም። የሌላው ዓለም ደጋፊ ሞኝ ነው። ቡድኑን በዘንድሮ ውጤት ይመዝናል። ሲሸነፍ ይበሳጫል፣ ምግብ አልበላም ይላል፣ ሚስቱን ያኮርፋል። የኛ ሰው ግን ኳስ በ1954 ዓ.ም. እንዳለቀ ገብቶታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ጭማሪ ሰዓት ነው። ማጣሪያ ማየት የለ፣ የምድብ ድልድል መጠበቅ የለ፣ ነጥብ መደመር የለ። ነጥቡ ድሮ ተደምሮ አልቋል። ለጤናም ለኪስም እንዲህ የሚስማማ ድጋፍ ከየት ይገኛል?

ስሌቱ ደግሞ ግሩም ነው። በ1949 ካርቱም ላይ የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ ሦስት ቡድን ቀረበ። አራተኛዋ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይዷ ምክንያት አልተጫወተችም። እሷን የምንገጥመው እኛ ነበርን። ስለዚህ አንድ ኳስ ሳንመታ በቀጥታ ፍጻሜ ገባን። ፍጻሜውን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፣ ኤል ዲባ የሚባል። ውጤት፦ ከአፍሪካ ሁለተኛ!

በ1951 ካይሮ ሄድን። አሁንም ሦስት ቡድን። ሁለት ጨዋታ ተጫወትን፣ ሁለቱንም ተሸነፍን። ውጤት፦ ከአፍሪካ ሦስተኛ!

እስቲ ዛሬ 24 ቡድን በሚሳተፍበት ውድድር ሁለቴ ተሸንፎ ሦስተኛ የሚወጣ ካለ አሳዩኝ። የለም። ያኔ ነበር ኳስ!

ከዚያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. መጣ። እሑድ። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ፍጻሜው ከግብፅ ጋር። አሁንም ቡድኖቹ አራት ብቻ ነበሩ፣ እኛም አዘጋጅ ስለሆንን ማጣሪያ አልነካንም። ይህን ግን ልተወው። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የሚያሾፍበት ሰው አፍ የለውም። ሁለት ጊዜ እየተመራን ሁለቴም አቻ አደረግን። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ኢታሎ ቫሳሎ አገባ፣ መንግስቱ ወርቁ ደገመ። አራት ለሁለት። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ይህን ስጽፍ እኔንም ይነዝረኛል።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። ጭንቀቴ የተመልካቹ ቁጥር ነው።

እኔ እስካሁን ባደረግሁት የግል ቆጠራ ያን ቀን ስታዲየም ያልገባ አዲስ አበቤ የለም። የቤት አከራዬ ነበሩ። ይሁን፣ ዕድሜያቸው ይፈቅዳል። የፀጉር ቆራጬ አባት ነበሩ። ይሁን። አንድ የታክሲ ሹፌር ግን ከቦሌ እስከ ስታዲየም አራቱንም ጎል እጁን ከመሪው እያነሳ ካሳየኝ በኋላ “አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ነው ያየሁት” አለኝ። ዕድሜውን ጠየቅሁት። 58። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከመወለዱ ስድስት ዓመት በፊት ነው አባቱ ትከሻ ላይ የወጣው። ያኔ አባትየው እናትየውን አይተዋት ይሆን?

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሕዝብ የት እናስቀምጠው? ሰው በነጻ አልዋሸም ብለን እንነሳ። ስታዲየሙ የግድ መስፋት አለበት። በኔ ፕላን ከተመልካች መቀመጫዎቹ ካታንጋ በሜክሲኮ አድርጋ ጦር ኃይሎች ላይ ትቆማለች። ሚስማር ተራ ወደ ቃሊቲ ትወርዳለች፣ ካስፈለገም አቃቂ ትገባለች። ጥላ ፎቅ ለመገናኛ ሰው ይበቃል። ከማን አንሼ የተቀመጠው ደግሞ ጨዋታውን የሚከታተለው ከሽሮ ሜዳ ነው፣ ትንሽ ዳገት ስለሆነ እንዲያውም ጥሩ ይታየዋል። አሁንም አልበቃም። ምክንያቱም ዛፍ ላይ ሆነው ያዩ አሉ። ምኒልክ ባሕር ዛፉን ለማገዶ ያስመጡት ይመስላችሁ ነበር? ለዚህ ቀን ነው! በየቅርንጫፉ ሁለት ሁለት ሰው ብንሰቅል፣ ግንዱን ለአዛውንት ብንተው፣ እንጦጦ ብቻዋን የሾላን ሕዝብ ትችላለች።

ከዚያ ኳስ አቀባዮቹ አሉ። “ያን ቀን ኳስ አቀባይ ነበርኩ” ያለኝን ሰው ስቆጥር አርባ ላይ ደከመኝ። ግብፆች ለምን እንደተሸነፉ የገባኝም ያኔ ነው። ኳሱ በወጣ ቁጥር አርባ ልጅ ተሻምቶበት፣ ተፈነካክቶበት፣ አስታራቂ ሽማግሌ ተጠርቶ ነዋ ወደ ሜዳ የሚመለሰው! የትኛው ቡድን ነው ይህን ችሎ የሚጫወት?

ዋንጫውን የነኩ አሉ። ዋንጫውን የነካን ሰው የነኩ አሉ። የግብፁን በረኛ ሲያለቅስ መሐረብ ያቀበሉ እናት አሉ፣ መሐረቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰላቸውም። ጨዋታው ሲያልቅ መንግስቱ ወርቁን በትከሻቸው የተሸከሙት ደግሞ እስካሁን ሰባት ደርሰዋል። ሰባቱም ለብቻቸው ነው የተሸከሙት። ሰባቱም ከስታዲየም እስከ ፒያሳ። በዚህ አያያዝ መንግስቱ እግሩ መሬት የነካው ቢፈጥን በጾም መግቢያ መሆን አለበት።

እሺ፣ ከዚያስ? ከዚያማ አጭር ነው። በ1974 ሊቢያ ሄድን፣ ከዚያ 31 ዓመት ቤታችን ቁጭ አልን። በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ ስንመለስ ዋንጫውን ይዛ የመጣችውን ዛምቢያን 1 ለ 1 ያዝናት። አዳነ ግርማ ሲያገባ ከተማው አበደ። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ አራት፣ ናይጄሪያ ሁለት። በ2014 ካሜሩን ላይ አንድ ነጥብ። ለዘንድሮው ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ በስድስት ጨዋታ አራት ነጥብ፣ ከምድቡ መጨረሻ። ታንዛኒያ “በሜዳችን” 2 ለ 0 ያሸነፈችን ኪንሻሳ ላይ ነው። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን “በሜዳችን” የተቀበልናት ካዛብላንካ ላይ ነው። ስታዲየሞቻችን መስፈርት ስላላሟሉ ሜዳችን ከአገራችን እንዲህ ርቋል። መስራች ሰፊ ነው፣ አህጉሩ በሙሉ ቤቱ ነው።

በዚህ መሐል አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014፣ ሊሎንግዌ ላይ፣ እነዚህ የምንንቃቸው ልጆች ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። በሰው አገር። ይህን ለሰውዬው አነሳሁባቸው።

“አራት ለሁለት ነው እንጂ” አሉኝ።

“የለም፣ የቅርቡን ማለቴ ነው። ማላዊ ላይ።”

“እሱ ማጣሪያ ነው።”

“የጎሉ ልዩነት ግን እኩል ነው፣ ሁለት...”

“አንተ ልጅ፣ ያኔ ነበር ኳስ!”

አያችሁ፣ አዲስ ድል አያስፈልጋቸውም። ይሻማቸዋል። የቡድኑ መሸነፍ ነው ለአሮጌው ዋንጫ ዋጋ የሚጨምርለት። ልክ በርበሬ እንዳከማቸ ነጋዴ ናቸው፤ ዝናብ ሲቀር ፊታቸው ይፈካል።

የካፌዋ አስተናጋጅ ልጅ ዕድሜው ሃያ አይሞላም። ጠዋት ጠዋት ኳስ ይጫወታል። ግራ እግሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አንድ ቀን አሳይቶኛል፣ ጠጠር ሜዳ ላይ የወደቀበት ነው። ቆሞ ጨዋታውን ሲያይ ሰውዬው ገላመጡት። “እናንተማ ምን ታደርጉ? ፀጉር መቆረጥ ብቻ!” አሉት። ልጁ ፈገግ አለና ትሪውን ይዞ ሄደ።

እዚህ ላይ ቀልዴ አልቆብኛል። ይህ ልጅ ምን በደለ? ጠጠር ላይ የሚጫወተው እሱ። ቦት ጫማ በጋራ የሚያደርገው እሱ። አንድ ቀን ቢሳካለት እንኳ ሰው አገር ሄዶ “በሜዳው” ይጫወታል። እናንተ ደግሞ በሌላ ሰው ላብ ትሰድቡታላችሁ። የማን ላብ እንደሆነስ ታውቃላችሁ? ሉቺያኖ ቫሳሎ ከአብዮቱ በኋላ ተሰደው፣ ጣሊያን ኖረው፣ በ2015 መስከረም እዚያው አረፉ። ዋንጫውን ያነሱት እጆች ናቸው! ዜናው የተሰማ ዕለት እዚህችው ካፌ ውስጥ ነበርኩ። የእንግሊዝ ቡድኖች ክርክር ጦፎ ነበር። አንዱ ስልኩን አየት አድርጎ ስማቸውን ሲያነብ፣ ከመስራቾቻችን አንዱ “ማነው ደሞ እሱ?” አለ። ማነው! በስሙ ስልሳ ዓመት ጉራ ነፍተህ፣ ማነው! ከዚያ ወደ እንግሊዛቸው ተመለሱ።

ይቅርታ። ወደ ምስጋናው።

የዘርፉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ቡድናችን በተሸነፈ ማግስት “እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብለን” እያለ በሬዲዮ አንድ ሰዓት የሚሞላ አለ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለጥፎ፣ የቆሙትን ተጫዋቾች ስም አዛብቶ ጽፎ፣ “ይህን ያላጋራ ኢትዮጵያዊ አይደለም” የሚል አለ። ከሁሉም የማደንቀው ግን ያንን፣ የትኛውም የአፍሪካ ቡድን ባሸነፈ ቁጥር “እኛ ነን ያስተማርናቸው” የሚለውን ነው። ሴኔጋል ሲያሸንፍ አስተማሪ ነን። ሞሮኮ ሲያሸንፍ አስተማሪ ነን። ተማሪዎቹ ሁሉ ተመርቀው ሥራ ይዘዋል። አስተማሪው ብቻ ነው ክፍሉን የደገመው።

ራባት ላይ ሁለተኛው አጋማሽ እየገፋ ነው። ሞሮኮ አንድ አገባች። ቆየት ብሎ ኤል ካቢ በመቀስ ምት ሁለተኛውን ሲጨምር ካፌው ጮኸ። ሰውዬው ብቻ አልጮሁም። ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ በሹክሹክታ፣ እንደተረጋገጠላቸው ሰው፣

“አየህ ኮሞሮስን?” አሉኝ።

“አየሁ።”

“መስራች ብትሆን እንዲህ ትሆን ነበር?”

ካርቱምና ኤል ዲባ ትዝ አሉኝ። ዋጥ አደረግሁት።

ጨዋታው አለቀ። ልጁ ሂሳብ ይዞ መጣ። የሰውዬው ሁለት ማኪያቶና አንድ ውሃ ነው።

“ባለፈው ከፍያለሁ እኮ” አሉት።

“ጋሼ፣ እሱ የባለፈው ነው።”

“ይሁና! ከፍያለሁ አይደል?”

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ቴሌቪዥኑን አየሁ። የመቀስ ምቷን እየደጋገሙ ያሳያሉ። ቦርሳዬን አወጣሁ።

ሰውዬው ኮታቸውን ደርበው በር ላይ ከደረሱ በኋላ ዞር አሉ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር።

“በነገራችን ላይ፣ ያን ቀን መንግስቱን ማን የተሸከመው ይመስልሃል?”

ስምንት።