በአሮጌ ማሽን ላይ ክሮም ሁልጊዜ አይቀድምም
ይህን አስተያየት የምሰጥበት ስለ ኢንተርኔት ማሰሻዎች (ብራውዘሮች) የተጻፈው ጽሑፍ «በአሮጌ ኮምፒውተርም ቢሆን ክሮምን የሚቀድመው የለም» ያለው አንድ ገጽ ብቻ ከፍቶ ለሚለካ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ በምሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የማየው ግን ሌላ ነው። ዊንዶውስ 7 በተጫነባቸውና 2 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ብቻ ባላቸው ማሽኖች ላይ ተገልጋዩ ኢሜይሉን፣ የማመልከቻ ቅጹንና አንድ ቪዲዮ ጎን ለጎን ሲከፍት ራሙ ይሞላና ሲስተሙ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ማመላለስ ስለሚጀምር፣ የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ይበራል፣ የማውሱ ቀስት ይንቀሳቀሳል፣ ገጹ ግን ቢጫኑት አይመልስም። ክሮም ገጾችን በተለያዩ ፕሮሰሶች (ለየብቻ በሚሠሩ የፕሮግራም ሂደቶች) ስለሚያስኬድ አንዱ ሲበላሽ ሌላው አይወድቅም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ራሙ ነው። እውነቱን ለመናገር ሌላው ማሰሻ ፋየርፎክስም ዛሬ የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ በመሆኑ በዚህ በኩል ልዩነታቸው የሚጋነን አይደለም። ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ዋናው ልዩነት ክሮም በዊንዶውስ 7 ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ በ109ኛው ቅጂ ሲቆም፣ የፋየርፎክስ 115 የረጅም ጊዜ ቅጂ ግን ከዚያም በኋላ የደህንነት ማስተካከያ ሲያገኝ መቆየቱ ነው። የባንክ ሒሳቡን በእንዲህ ዓይነት ማሽን ለሚከፍት ሰው ይህ ከፍጥነቱ ይበልጣል። ከላይ «ወደ ኤክስፒ መመለስ ይሻላል» ያሉት አስተያየት ሰጪም ክሮም ከዊንዶውስ 7 የቀደመውን ዊንዶውስ ኤክስፒን የተወው ገና እ.ኤ.አ. በ2016 መሆኑን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ለዚያ ገንዘብና ድካም ከሚያወጡ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም በሚፈጥን ማከማቻ) ቢቀይሩት ለውጡን በዚያው ቀን ያዩታል።