ለቀብር ሲሆን የምንሮጠው፣ አስታማሚዋን የት ጣልናት?

ወገኖቼ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ እኔም አለሁበት። ሰው ሞተ ሲባል ማን ይቀድመናል፣ ከስራ አስፈቅደን ምናምን ብለን ከቀብሩ እንደርሳለን። ሰውየው ወራት ሙሉ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ሲሰቃይ ግን የት ነበርን? ሚስቱ ጀርባው እንዳይቆስል ብላ ሌሊቱን በየ2 ሰዓቱ እየተነሳች ስታገላብጠው እኛ "አይዞሽ በርቺ፣ ምህረቱን ይላክለት" ብለን ቴክስት ልከን ተኛን።

"የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ" የምትሏትንም ተዉት። እንቅልፍ ያጣ ሰው የጎደለውን አስቦ፣ ማንን እንደሚያስቸግር መርጦ፣ ስልክ አንስቶ አይለምንም። "ማክሰኞ ከሰዓት እኔ እቀመጣለሁ አንቺ ተኚ" በሏት፣ አንሶላውን እጠቡላት፣ መድኃኒት ቤት ሂዱላት፣ በቃ።

እናታችንን ያስታመመቻት እህቴ ናት። እኔ የደረስኩት የመጨረሻው ሳምንት ላይ ነው፣ እንደገባሁ ደግሞ "ለምን አታበያትም" ብዬ ጮህኩባት፣ ማንኪያውን አንስቼም "አንዴ ብቻ እማ" እያልኩ ወደ አፏ ስገፋ ጥርሷን ገጥማ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። ነርሷ ማንኪያውን ከእጄ ወሰደችና እርጥብ ጥጥ ሰጠችኝ፣ በዚህ ከንፈሯን አርጥብላት አለችኝ። ለካ መጨረሻው ላይ ሰው ስላልበላ አይደለም የሚሞተው፣ እየሞተ ስለሆነ ነው ምግብ የማያሰኘው፣ በግድ ስታጎርሱት ደግሞ ትን ብሎት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ለ10 ደቂቃ መጥታችሁ አስታማሚ የምትወቅሱ ጠያቂዎች፣ እባካችሁ አፋችሁን ያዙ።

ሞርፊኑንስ፣ ያ ከባዱ የህመም ማስታገሻ? "ሱስ ያስይዘዋል" እያላችሁ ቤተሰቡን የምታስፈራሩ ሰዎች፣ ኧረ ፍሩ፣ ቀናት የቀሩት ሰው በህመም እየጮኸ ስለየትኛው ሱስ ነው የምናወራው? ሐኪም በልኩ ሲያዝዘው ሞት አያፈጥንም። የሚዋጠው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፣ ህመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም፣ ሆድ ስለሚያደርቅ ግን ማለስለሻ አብሮ መታዘዙን ጠይቁ (ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ከዛ መድኃኒቱ ይወቀሳል)።

ሆስፒስ (መዳን ለማይችል ሰው በመጨረሻ ጊዜው የሚሰጥ ህመም የማስታገስ እንክብካቤ) ሲባልም "ተስፋ ቆረጣችሁ እንዴ" አትበሉ። እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳውንደርስ መጀመሪያ ነርስ ነበረች፣ ቀጥሎ የማህበራዊ አገልግሎት ሰራተኛ፣ በኋላ ሐኪም ሆነች፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ስትከፍት የሰውነቱንም የልቡንም የቤተሰቡንም ህመም አንድ ላይ ለማየት ነው። እንክብካቤው ቤት ድረስም ይመጣል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በተስፋፋ የሳንባ ካንሰር የታመሙ ሰዎች ከህክምናቸው ጎን ለጎን ፓሊዬቲቭ ኬር (ህመምና ጭንቀትን የሚያስታግስ እንክብካቤ) በጊዜ ሲጀመርላቸው ከሌሎቹ ከ2 ወር በላይ ጨምረው እንደኖሩ አሳይቷል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግን ይሄ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው፣ የተረፈው ሸክም ያው እንደ እህቴ ያለች አንዲት ሴት ላይ ነው የሚወድቀው።

ከቀብር በኋላ ስልካችሁን አታጥፉ። ሁሉም ከሄደ በኋላ እህቴ ለወራት ሌሊት በየ2 ሰዓቱ እየባነነች አልጋው ወደነበረበት ክፍል ትሄድ ነበር። ማንም አልጠየቃትም፣ እኔንም ጨምሮ።