ብቻውን ለማያጨስ ሰው የቀረበ ምስጋና

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ አበው። አባባሉን ከልጅነታችን ጀምሮ ያልሰማነው ባንኖርም፣ በሥራ ላይ ሲያውለው በዓይኔ ያየሁት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በምግብ ቤት፣ በካፌ፣ በግሮሰሪና በሚኒባስ፣ ሰው በተሰበሰበበትና በር በተዘጋበት ስፍራ ሁሉ ሲጋራውን የሚለኩሰው ወገናችን ነው። ጠጅ የሚጠጣ ሰው ለብቻው ይሰክራል፤ ክትፎ የሚበላም ቢበዛ አጠገቡ ለተቀመጠው አንድ ጉርሻ ቢያጎርስ ነው። ይህ ሰው ግን በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ሲጋራ ከለኮሰበት ቅጽበት ጀምሮ ዘመድና ባዳ ሳይለይ፣ የሚያጠባ ጡትና የሚያስለው ሽማግሌ ሳይመርጥ፣ ለቤቱ ሁሉ እኩል ያድላል። ለዚህን ያህል ቸርነት እስካሁን አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ «እግዚአብሔር ይስጥልን» አለማለቱ የሚያሳፍር ነውና፣ እነሆ እኔ ልበል።

የቸርነቱን ልክ ለመረዳት የሚታደለውን ነገር መቁጠር ይገባል። በትምባሆ ጢስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች እንደሚገኙና ከእነዚህም ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር እንደሚያመጡ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በከተማችን አለ የተባለ ሆቴል የጾሙንም የፍስኩንም ደምሮ መቶ ዓይነት ምግብ ቢያዘጋጅ ነው፤ ያውም ግማሹን ስናዝ «ዛሬ አልቋል» እንባላለን። ቸሩ ሰው ግን ሰባት ሺሁን በአንድ ትንፋሽ ያቀርባል፤ አልቋል ብሎ አያውቅም፤ ሂሳብም በዕለቱ አይጠይቅም። ሂሳቡ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ በዚያው ድርጅት ግምት ራሳቸው ሳያጨሱ በሌላ ሰው ጢስ ጠንቅ የሚሞቱት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ የቸሮቹ ቁጥር ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ አዋቂዎች መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶው 5 ያህል ብቻ ናቸው። እንግዲህ አምስቱ ዘጠና አምስቱን ይመግባሉ ማለት ነው። አምስት እንጀራ ለአምስት ሺህ ሰው በቅቶ ፍርፋሪው አሥራ ሁለት መሶብ መሙላቱን በወንጌል አንብበናል፤ እዚህም ቢሆን ማታ ወለሉ ሲጠረግ የሚሰበሰበው ቁራጭ ቀላል አይደለም።

ባለፈው እሑድ ከሃያ ሁለት ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ከእንዲህ ያለው ሰው በአንድ ጠረጴዛ ርቀት የመቀመጥ ዕድል ገጠመኝ። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ኮቱን በወንበሩ መደገፊያ ላይ በሥርዓት ያንጠለጠለ፣ አስተናጋጇን «እባክሽ የኔ እናት» እያለ የሚያዝ፣ ከገቢ ከወጪው ጋር ብድግ እያለ ሰላምታ የሚለዋወጥ ሰው ነበር። ጨዋነቱን የምናገረው ለሽሙጥ አይደለም፤ እውነትም ጨዋ ነበር። ከራሱ በላይ በግድግዳው ላይ «ሲጋራ ማጨስ በሕግ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ነጭ የነበረው ወረቀት ከብዙ ጊዜ አገልግሎት የተነሣ የጠጅ መልክ ይዟል።

ሰውዬው ምሳውን ጨርሶ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ፓኮውን አወጣና አንዷን ፍሬ መዝዞ በክዳኑ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረጋት። አስተናጋጇ ይህችን ድምፅ ከወጥ ቤት በር ሆና ለይታ ሰማቻት፤ እየተጣደፈችም መጣች። ልትከለክለው ነው ብዬ ለእርሱ ተሳቀቅሁለት። እርሷ ግን ይዛ የመጣችው የስኒ ማስቀመጫ ሳህን ነበር፤ በሳህኗም ላይ በውኃ የራሰ ሶፍት ተነጥፏል። መተርኮሻ አለማምጣቷን ልብ ይሏል። ኋላ ስጠይቃት እንደነገረችኝ፣ ክልከላው ከወጣ ወዲህ ጌታዋ መተርኮሻዎቹን አንድ ሳያስቀሩ ሰብስበው ዕቃ ቤት ቆልፈውባቸዋል፤ ቁጥጥር ድንገት ቢመጣ በቤቱ ውስጥ አንድም መተርኮሻ አይገኝም። የሚገኘው ጥቂት አመድ የቀመሰ የስኒ ማስቀመጫ ነው፤ የስኒ ማስቀመጫን የሚከለክል ሕግ ደግሞ በየትም ሀገር አልወጣም። ልጅቱ ራሷ ሲጋራ በአፏ አድርጋ አታውቅም፤ ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ በሥራ ላይ ስለምትውል ከማንኛችንም የበለጠ ይደርሳታል። ደመወዝ ሳይጨመርላት ይህ ጥቅማ ጥቅም መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ሕጉ የለም እንዳይባል፣ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በማንኛውም የተዘጋ የሕዝብ መገልገያ ስፍራ፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማጓጓዣ ውስጥ ማጨስን ከልክሎ፣ ውጭ የሚያጨስም ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር እንዲርቅ አዝዟል። የእኛ ሰው ይህን አንቀጽ የሚፈጽመው አንድ እግሩን ከደጃፉ አስወጥቶ፣ አንዱን ደግሞ ጨዋታው እንዳያመልጠው ወደ ውስጥ አስቀርቶ ነው፤ በአማካይ ሲሰላ ውጭ ነው ሊባል ይችላል። ይኸው አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ትምባሆ አይሸጥ ይላል። በዚያ እሑድ ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ ከእናቷ ጋር የተቀመጠች፣ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሹሩባዋ አዲስ የተሠራ ሕፃን ነበረች፤ ሰውዬው ለእርሷ በጭራሽ አልሸጠላትም፤ በነፃ ነው የሰጣት። ከፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲሸፈንም ታዝዟል፤ እርሱም ልጅቱ ሥዕሉን አይታ እንዳትደነግጥ በማሰብ ይመስለኛል፣ ሞባይሉን በላዩ ላይ አስቀመጠበት።

ከባለቤቶቹም መካከል ሕጉን በራሳቸው ጥበብ ያሻሻሉ አሉ። ቤታቸውን በአበባ ማሰሮ ለሁለት ከፍለው ወዲያ ማዶውን «የሚያጨሱ»፣ ወዲህ ማዶውን «የማያጨሱ» ብለው ሰይመውታል። አዋጁ እንዲህ ያለ ክፍፍል አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ጢሱ እስከ ማሰሮው ድረስ መጥቶ፣ አበባውን ባየ ጊዜ ይቅርታ ጠይቆ እንደሚመለስ ሙሉ እምነት አላቸው።

እዚህ ላይ ቸርነቱ ለወገን ብቻ መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ያው የእኛ ሰው ዋሽንግተን ዲሲ በሄደ ጊዜ፣ እዚያ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ጥብሱን በልቶ ሲጋራ ሲያምረው፣ ማንም ቀና ብሎ ሳያየው ኮቱን ደርቦ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ በበረዶው ላይ ቆሞ ያጨሳል። በዚያች ከተማ በምግብ ቤትም ሆነ በቡና ቤት ውስጥ ማጨስ ከተከለከለ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እርሱም እንዲህ ያለውን ደንብ ከነዋሪው ይልቅ አጥብቆ ያከብራል። ወደ አዲስ አበባ ሲበርም ከአሥር ሰዓት በላይ አንዲት ሳይለኩስ ተቀምጦ ይመጣል፤ ነፍሱም አትወጣም። ሻንጣውን አስገብቶ ከዘመድ ጋር ምሳ በተቀመጠ በአምስተኛው ደቂቃ ግን ፓኮው ጠረጴዛው ላይ ነው። ለባዕድ ያልሰጠውን ለእኛ ቆጥቦ ማምጣቱ ነው፤ ሀገር ወዳድነት ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

ስለ ሚኒባስ ሳላነሣ አላልፍም፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ቸርነት የብዙ ሰው ትብብር የታከለበት ነው። ሾፌሩ ሲጋራውን በግራ እጁ ይዞ ክንዱን በመስኮት አውጥቷል፤ ይህም ስለ ተሳፋሪው በማሰብ ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን ነፋሱ ጢሱን ሰብስቦ በዚያው መስኮት ይመልስና ከጋቢና እስከ መጨረሻው ወንበር ያዳርሰዋል። በዚህ ጊዜ ከኋላ አንዱ በሳል እየታገለ ከጎኑ ያለውን መስኮት ሸርተት ያደርጋል። ያን ጊዜ ነው የሕዝቡ የጤና ንቃት የሚታየው። «ኧረ ዝጋው፣ ነፋስ ይመታናል!» ትላለች ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የጠቀለለች እናት። «ላብ ላይ ነን እኮ ወንድም፣ ምች ያደርገናል» ይላል ሌላው። ረዳቱም የብዙኃኑን ድምፅ ተቀብሎ መስኮቱን ራሱ ይዘጋዋል። ነፋስ ገዳይ መሆኑን ጠንቅቀን የምናውቅ ሕዝብ በመሆናችን፣ ከነፋሱ ተጠብቀን፣ በሙቀቱና በጢሱ ውስጥ በሰላም ከሜክሲኮ ሳር ቤት እንደርሳለን።

ለቸሩ ሰው የሚቀርብ መከራከሪያም ሞልቷል፤ አንዳንዱ እንዲያውም የዋዛ አይደለም። «እናቶቻችን በጭስ ቤት ውስጥ አይደል እንዴ ያሳደጉን?» ይባላል፤ እነዚያ እናቶች በስተርጅና ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ምን እንዳገኘው የሚጠይቅ ግን ነገር አጥባቂ ነው። «ቡና ሲፈላስ ዕጣን ይጨስ የለ?» የሚልም አለ። ይህንንም እቀበላለሁ፤ ኒያላ ሲጋራን በከሰል ላይ አድርጋ ለእንግዳ የምታጨስ ባልቴት እስካገኝ ድረስ ግን ሙሉ ፍርዴን አሳድሬዋለሁ።

ክልከላው ጭካኔ ነው ለሚሉም ታሪካችንን እንዲያስታውሱ እለምናቸዋለሁ። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የሚያጨስ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር ተጽፏል። የዛሬው መንግሥት ከዚያ ጋር ሲነጻጸር አዛኝ ነው፤ ከንፈር አይነካም፤ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ይለጥፋል። ንግድም ያውቃል፤ የትምባሆ ሞኖፖሉን ለረጅም ዓመታት ይዞ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የድርጅቱን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2017 ደግሞ 31 በመቶ ያህሉን በ434 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ሸጦ፣ ገንዘቡን ከቆጠረ በኋላ ነው ያን «በሕዝብ መካከል አይጨስ» የሚል አዋጅ ያወጣው። በሬውን ሸጦ ሲያበቃ ለገዢው ስለ እርሻ ክልከላ የሚነግር ገበሬ በሀገራችን ከስንት አንድ ነው።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ። ሰውዬው ሁለተኛዋን ሲለኩስ የሕፃኗ እናት ቀና ብላ ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀት አየች፤ ቀጥሎ እርሱን አየች፤ ቀጥሎ እኔን። እኔም በሙሉ ኃላፊነት ሞባይሌን ማየት ጀመርሁ። ምን ልበለው? ሰውዬው በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ሰላም ብሎኛል፤ «ደረቅ ሰው» መባልም አለ። አዋጁ የሚቀጣው አጫሹንና የቤቱን ባለቤት ነው፤ ይሉኝታ ግን የሚቀጣው የተናገረውን ነው፤ ከሁለቱም የትኛው እንደሚፈጸም ሁላችንም እናውቃለን። እናትዬዋ ልጅቱን ከአንድ ጉልበቷ ወደ ሌላው አዛወረቻት፤ ሠላሳ ሳንቲሜትር ያህል መሸሿ ነው።

በዚህ መካከል ሳል ያዘኝ። አፌን በሶፍት ይዤ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ስል ቸሩ ሰው በሐዘኔታ ተመለከተኝ።

«ምነው ወንድሜ፣ ጉንፋን ነው?» አለኝ።

«ትንሽ ነገር ነች» አልሁት።

«አትናቀው፣ ሰሞኑን መጥፎ ጉንፋን ገብቷል፤ የኔ እናት፣ እባክሽ ለእርሱ ሻይ በዝንጅብል፣ ዝንጅብሉን ጠንከር አድርገሽ፤ ሂሳቡ ከእኔ ነው» ብሎ አዘዘልኝ።

«ኧረ አያስፈልግም ጋሼ!» ብልም «በሞቴ!» አለኝ። በሞቱ ከተለመንሁ በኋላ እምቢ ማለት አልችልም።

ሻዩ እየጨሰ መጣ። ሰውዬው ሁለተኛዋን ጨርሶ ሦስተኛዋን ሲያወጣ የራሱ ሳህን ሞልታ ስለነበር፣ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በትሕትና፣

«ይቅርታ፣ የሻይህን ማስቀመጫ ትፈልጋታለህ?» ሲል ጠየቀኝ።

ብርጭቆዬን አነሣሁና ሳህኗን በሁለት እጄ አቀበልሁት።