ማስተካከያ፦ የዚንክ ርጭት መጠን

ባለፈው ስለ ስንዴ የዚንክ እጥረት ስጽፍ፣ ለቅጠል ርጭት «በ20 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ዚንክ ሰልፌት» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ትክክለኛው 100 ግራም ነው፤ ማለትም 0.5 በመቶ። ነጥቧን ዘልዬ 5 በመቶ አድርጌው ቁጭ! በዚያ መጠን የተረጨ ቅጠል ይቃጠላል። የበጠበጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ አትርጩት።

ሌላም አለ። ቢጫ ቅጠል ሁሉ ዚንክ የጎደለው አስመስዬ ጽፌያለሁ። አይደለም። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ከጫፋቸው ከገረጡ የጎደለው ናይትሮጅን ሊሆን ይችላል፤ እሱን ዩሪያ እንጂ ዚንክ አያድነውም። አዲሱ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሃል መሃሉ ከነጣ የብረት እጥረትን ጠርጥሩ። የዚንክ እጥረት ብዙ ጊዜ የሚታየው የቅጠሉ ወገብ ላይ ነው፦ ጫፉና ግርጌው አረንጓዴ፣ መሃሉ የገረጣ፣ ኋላም የደረቀ።